ዴራ ሄጄ ያየሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው ሞተ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን እናዘዛለሁ፤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እርስዎ የሚያነቡኝ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ምናልባት የደፈርኩትም ስለማላውቅዎ ይሆናል።

ሰፈሬ ስለ እኔ የሚያውቀው ግማሹን ነው። በወንድሜ ሚስት ላይ ወሬ እንዳወራሁ ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ አብረውኝ አውርተዋል። የማያውቁት ዴራ ሄጄ ምን እንዳየሁና ተመልሼ ለወንድሜ ምን እንዳልኩት ነው። ያንን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። እኔና ፈጣሪዬ።

ጠርጣራ ሴት ነኝ። ሰው "አስካለ ጥንቁቅ ናት" ይለኛል፤ እኔም ስሙን ወድጄው ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ማመን ይከብደኛል። ናዝሬት ሆስፒታል ስወልድ ልጆቼ እንዳይለዋወጡብኝ ከነጠላዬ ክር መዝዤ በእጃቸው ላይ አስሬያለሁ። ለሠርግም ለለቅሶም ሳህን ስንዋዋስ፣ የሰፈራችን ሴት ሁሉ እንደምታደርገው፣ ከሥሩ በኩቴክስ ምልክት አደርግበታለሁ። የእኔ ቀይ ነጥብ ነበር። አንዷ መስቀል ታደርጋለች፣ ሌላዋ ሁለት መስመር። ድግሱ አልቆ ሳህኑ ታጥቦ ሲደረደር እየገለበጥን የየራሳችንን እንለቅማለን። ያም ሆኖ ይለዋወጣል። እኔ ራሴ የሰው ሳህን ይዤ ገብቼ አውቃለሁ።

ዘመኑም ዘመን ነበር። በደርግ ጊዜ የማይጠራጠር ሰው እንደ ሞኝ ነበር የሚታየው። ራዲዮ ስንሰማ ድምፁን ዝቅ እናደርጋለን፤ ጎረቤት ስኳር ሲበዛለት ከየት አመጣው እንላለን። ግን ጥፋቴን በዘመኑ ላይ አልጭንም። በዚያው ዘመን በዚያው ሰፈር ሰው የሚያምኑ ሴቶችም ነበሩ።

ታናሽ ወንድሜ ተሾመ የስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ሚስቱ ጫልቱ እዚሁ ለናዝሬት ቅርብ የሆነችው የዴራ ከተማ ልጅ ናት፤ ናዝሬት አድጋ፣ ከእኛ ጋር ማኅበር ጠጥታ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው ጋር እያጣፈጠች የምታወራ ሳቂታ ሴት። ብዙ ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ ግን አልመጣም። ጸበል ሄዱ፤ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ከማህፀኗ ግራና ቀኝ ያሉት ቧንቧዎች ተዘግተዋል፣ እዚህ አገር መፍትሔ የለውም አላቸው።

ያን ጊዜ እኔ ልጄን ሰጠኋት። ሦስተኛዋን፣ ሰናይትን። በእኛ ዘንድ የወንድምና የእህት ልጅ እንዲህ ይሰጣል፤ ነውር የለውም። ልብሷን አጥቤ፣ ጸጉሯን ሠርቼ ወሰድኳት። ጫልቱ ልጅቷን አቅፋ ሳመቻትና፣ "እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን የራሴን ትንሽ ልሞክር" አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችኝ። እኔ ግን ሰናይትን እጇን ይዤ ስመለስ ፊቴ እየነደደ ነበር። ከማህፀኔ የወጣች ልጅ አንሳ ተመለሰችብኝ! ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ለወንድሜ አዝኜ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ለወንድሜ ነበር? ወይስ ያን ቀን ለተመለሰችው ልጄ እየተበቀልኩላት ነበር?

ተሾመ ለሥልጠና ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ተላከ። ከዓመት በኋላ ጫልቱ የመውጫ ፈቃድ አግኝታ ተከተለችው። ሰው ለዘመድ ለቅሶ እንኳ የይለፍ ወረቀት በሚለምንበት ጊዜ እሷ አውሮፕላን ተሳፈረች። እንዴት አገኘችው? ማን ሰጣት? መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። ሥልጠናው አልቆ አብረው ሲመለሱ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

እኔ ቤት ምሳ ጠራኋቸው። ተሾመ ደስታው ከፊቱ ይፈሳል። ሁሉንም ነገር በመኪና ነበር የሚያስረዳው።

"እታለም፣ ነገሩ ቀላል ነው። የነዳጁ ቧንቧ ተደፍኗል እንበል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ነዳጁም ደህና ነው፤ መገናኛው ነው የተዘጋው። እነሱ ምን አደረጉ? የሷን እንቁላል በመርፌ አወጡ፣ ከእኔ ዘር ወሰዱ፣ በትንሽ የብርጭቆ ሳህን ላይ አገናኙት። መያዙን ሲያዩ መልሰው ማህፀኗ ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛዋም እርጉዝ ናት።"

"አሁን እኔ ለአንተ አይሱዙ ነኝ?" አለችው ጫልቱ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወገቤ ደከመኝ ብላ ጓዳ ገብታ ጋደም አለች።

እኔ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሳህን።

"የእናንተ ብቻ ነበር እዚያ ቤት?" አልኩት።

"ኧረ ስንቱ ነው የሚታከመው!"

"ታዲያ የእናንተ ሳህን የቱ እንደሆነ በምን አወቁ?"

"ስም ይጻፍበታላ። የዕድር ድግስ መሰለሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ሲጽፉ አይተሃል?"

"እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። አያስገቡም።"

"እንግዲያው አላየህም።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ጉርሻውን እንደያዘ ቆየና መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። እኔ አየሁት። ቃሌ የት እንደገባ አየሁ። እውነቱን ልናገር ብዬ ከተነሳሁ ይህንንም ልናገር፦ ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ውስጤ ደስ አለው። ለምን? ጓዳ የተኛችውን ሴት ጠርቼ ብጠይቃት ምን ነበረበት? ገላው የሷ ነው፤ ሕክምናው የሷ ነው። እኔ ግን ወንድሜን ጠየቅኩ። ኮሪደር ላይ የነበረውን ጠየቅኩ።

ጫልቱ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ልጠይቅ ሄጄ ሕፃኗን ታቀፍኩ። ቀይ ናት፤ ተሾመ ጠይም ነው፤ ጫልቱም ጠቆር ትላለች። አራስ ልጅ መጀመሪያ ቀላ ብሎ እንደሚወለድ አውቃለሁ፤ ስንቱን ወልጃለሁ። ለዚህም ነው የጆሮውን ጫፍ የምናየው፤ የልጅ መልክ ኋላ የት እንደሚያርፍ የጆሮው ጫፍና የጥፍሩ ሥር ቀድሞ ይናገራል እንላለን። ሻሹን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የጆሮዋ ጫፍ እንደ ፊቷ ቀይ ነበር። መልሼ ሸፈንኩት። ማንም ያላየኝ መስሎኝ ቀና ስል ጫልቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች።

ከሳምንት በኋላ ለማኅበር ሽንኩርት እየላጥን ሴቶቹ ስለ ሕፃኗ ጠየቁኝ። "ትደግ። የጆሮዋ ጫፍ ግን አልጠቆረም" አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ጥንቁቅ ሴት አይደለሁ? አንዷ ቢላዋዋን አቁማ፣ "አይ! እንግዲህ ፈረንጅ አገር ሳህን ማን ይገለብጥላታል?" አለች። ሌላዋ፣ "የሳህኗ ልጅ በሏታ!" አለች። ያን ስም ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ስቄያለሁ። የባሏ እህት ስትስቅ ያዩ ሴቶች ከዚያ በኋላ ምን ያስፈራቸዋል? ስሙ በውኃ ቦኖው ወረፋ ላይ ደረሰ፣ ፋብሪካው በር ላይም ደረሰ። የተሾመ የሥራ ጓደኞች "ሳህኗ እንዴት ናት?" ይሉት ጀመር።

ተሾመ ልጅቷን ማቀፍ ተወ። ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አይጮህም፣ አይማታም። ዝም ነበር የሚለው። ክርስትናዋ ዕለት ሥራ ገባ። ስም እንኳ አላወጣላትም፤ የጫልቱ እናት ናቸው ቢፍቱ ያሏት። አንድ ጠዋት ጫልቱ ሕፃኗን አዝላ፣ በአንድ ሻንጣ ልብሷን ይዛ በደጄ አለፈች። እናቷ ዘንድ ዴራ ልትሄድ ነው። አልሰደበችኝም።

"እትዬ፣ እሱን ስንት ጊዜ ጠየቅሽው" አለችኝ። "እኔን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።"

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ተሾመ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። ጣቱ ሲያስብ እንደልማዱ ጆሮው ሥር ትመላለሳለች። "እታለም፣ አንቺ ልጅ አሳድገሻል። ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ። አንቺ ካልሽኝ አምናለሁ" አለኝ። ይህን ቃል ልብ ይበሉልኝ። አንቺ ካልሽኝ አምናለሁ። ኮሪደር ላይ የቀረው ወንድሜ አሁን እኔን ዓይኑ አደረገኝ።

ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ያገኘሁትን ስኳርና አንድ ሳሙና ይዤ ዴራ ሄድኩ። የጫልቱ እናት "ገለቶማ፣ ገለቶማ! ጠያቂ አጥተን ነበር" እያሉ ተቀበሉኝ። ጫልቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሳፋ አስቀምጣ ልጅቷን ታጥባለች። ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ታውቃለች፤ አላስጨነቀችኝም።

"ያ ሳህን ግን…" አልኩ፤ መጨረስ አቃተኝ።

ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ የድሮ ሳቋን። "እሰይ! ዛሬ ጠየቅሽኝ። እትዬ፣ እኔም የናዝሬት ሴት ነኝ እኮ። በመስተዋቱ በኩል ያ ሁሉ ሳህን ተደርድሮ ሳይ ልቤ ዘለለ። ቋንቋ የለኝ፤ ኩቴክሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለነርሷ አሳየኋት። ጥፍሬን ልቀባ መስሏት ተቆጣች። በእጄ እያሳየሁ፣ እየተንተባተብኩ፣ የኔን ምልክት አድርጊበት አልኳት። ሳህኑ ላይ አይሆንም፣ ሽታው ይጎዳዋል ብላ አፍንጫዋን ይዛ አሳየችኝ። ስማችን የተጻፈበት ወረቀት ላይ ግን ፈቀደችልኝ። ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ያንቺን ምልክት። ሌላ አልመጣልኝም። ወደ ማህፀኔ ሊመልሱልኝ የመጡ ቀን ያ ወረቀት አብሮ መጣ፤ ነጥቧ እዚያው አለች።"

ምን አሰብኩ መሰለዎ? ይህቺ ሴት በባዕድ አገር፣ በጭንቋ ሰዓት እኔን አስታወሰች አልኩ? አላልኩም። ታሪኩን አዘጋጅታ ጠብቃኛለች አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

"እስቲ ያዢልኝ፤ ፎጣ ላምጣ" ብላ ልጅቷን ሰጠችኝ። ቢፍቱ እርጥብ ገላዋን ደረቴ ላይ ለጠፈችና አየችኝ። መልኳ ጠይም ሆኗል። እሱስ ከእናቷም ሊሆን ይችላል አልኩ በልቤ። ፀሐዩ በጎን መጥቶ ጉንጯ ላይ አረፈ። ጆሮዋ ከጉንጯ በሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ቆማለች። በጣቴ ጠረግኳት። ከሥሯ መርፌ የወጋው የሚመስል፣ አብሯት የተወለደ ትንሽ ቀዳዳ አለ።

ያ ቀዳዳ እኔ አለኝ። ተሾመ አለው፤ ሲያስብ በጣቱ የሚነካካው እሱን ነው። አባታችን ነበረው፤ "ጤፍ ትዘሩበታላችሁ" እያለ ይቀልድብን ነበር። አራሷ ቤት ያን ጆሮ ገልጬ አይቼው ነበር እኮ! ጫፉን ብቻ ነው ያየሁት። የምፈልገውን ፈልጌ፣ ያገኘሁ ሲመስለኝ ሸፈንኩት።

ጫልቱ ፎጣውን ይዛ መጣች። እኔ የልጅቷን ራስ በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ነበር። "ምነው እትዬ፣ በረዳት?" አለችኝ። "አዎ፣ ንፋስ አለ" አልኳት። ቀዳዳውን እሷም አይታው እንደሆነ አላውቅም። አይታው ቢሆንም፣ ማስረጃ ይዛ ባሏን ልትለምን የምትመጣ ሴት አልነበረችም።

ወደ ናዝሬት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ቃሌን እያዘጋጀሁ መጣሁ። ተሾመ፣ ያንተ ናት። ይኸው ነው፤ ሦስት ቃል። ሰፈር ስደርስ የማኅበሩ ሴቶች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። "ደህና ገባሽ? እንዴት አገኘሻት የሳህኗን ልጅ?" አሉኝ። ምን ብል? አይቻት መጣሁ፣ የወንድሜ ናት፣ እስከ ዛሬ የሳቅነው በከንቱ ነው ልበል? እኔ ናዝሬት ውስጥ ዓይኗ አይሳሳትም የምባለው ሴት? "ደህና ናት" ብዬ አለፍኩ። ለተሾመ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። በማግስቱ እንግዳ አለብኝ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ተሾመ ለጦሩ ተፈለገ። መካኒክ ስለሆነ ለመኪና ጥገና ነው ተባለ፤ ወደ ሰሜን ነው። ልሸኘው ሄድኩ። የጭነት መኪናዎች ተደርድረው፣ እናቶች እያለቀሱ፣ ካድሬው በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ነበር። ተሾመ ከመኪናው ጎን አጎንብሶ ጆሮዬ ላይ ጠየቀኝ።

"አየሻት?"

"አየኋት።"

"ጆሮዋስ?"

ጣቱ የራሱ ጆሮ ላይ ነበረች። ቀዳዳው ላይ። እኔም ጣቱን እያየሁ፣ እሱን እያየሁ፣ "ሕፃን ገና ይለዋወጣል ተሾመ። አሁን ምንም ማለት አይቻልም" አልኩት።

እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። አፌን የያዘኝ የለም። ውሸት እንኳ እንዳይመስል አድርጌ ነው የዋሸሁት፤ የጥንቁቅ ሴት አባባል ነው። ምን ፈርቼ ነው? ሴቶቹን? እሱ ሰምቶ "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን?" ብሎ እንዳያየኝ? አንድ እይታ ፈርቼ ወንድሜን ያለ ልጅ ወደ ጦርነት ላክሁት።

"እሺ" አለኝ። ራሱን ነቀነቀ። "ስመለስ ራሴ አያታለሁ።"

አልተመለሰም። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በእግሩ፣ በተቀደደ ጫማ በናዝሬት አለፈ፤ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ ጠበቅኩ። ከእሱ ጋር የነበረ ሰው ነው ኋላ መጥቶ መሞቱን የነገረን። ለቅሶው ላይ ጫልቱ ልጇን ይዛ መጣች፤ ሴቶቹ ልጅቷን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። መልኳ ቁርጥ ተሾመ ሆኗል። አንዷም ይቅርታ አልጠየቀቻትም። እኔም አልጠየቅኳትም። ለሐዘንተኛው ምግብ ሲቀርብ የሰፈሩ ሳህን ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ቀይ ነጥብ ያለበት ሳህን እጇ ላይ ደርሶ ገልብጣ አየችው፤ መልሳ ቀና አድርጋ ያዘችው።

ዛሬ ያ ሕክምና አዲስ አበባም ደርሷል። ሰዎች ያወሩታል፣ ሄደው ወልደው ይመጣሉ፤ ማንም ጆሮ አይገልጥም። አሁን ይገባኛል። ሳህኑ የሁለቱ መገናኛ ሆነ እንጂ ማንንም አልለወጠም። ተሾመ ያን ቀን በነዳጁ ቧንቧ ያስረዳኝ ሁሉ እውነት ነበር። ያልገባኝ ባለመማሬ አይደለም። ጫልቱ ከእኔ ብዙም የበለጠ አልተማረችም፤ እሷም ጠርጥራ ነበር። እሷ ግን ጠርጥራ ጠየቀች፣ መልሱን ስታገኝ አመነች። እኔ መልሱን በክንዴ ታቅፌ ሸፈንኩት።

ቢፍቱ ናዝሬት ውስጥ መምህርት ናት። በበዓል ትመጣለች፤ "አክስቴ" ትለኛለች። ተማሪዎቿ ያስቸገሯትን ስታወራ ጣቷ ጆሮዋ ሥር ትመላለሳለች። ባለፈው መጥታ ድንገት፣ "አባዬ ልጁ መሆኔን አውቆ ነው የሞተው?" አለችኝ። "አዎ፣ ያውቅ ነበር" አልኳት። ጉልበቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ከደስታ ነበር። ይኸው፣ ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው። ከመጀመሪያው የሚያምር ነው፤ ግን ማንን ልጠብቅበት እንደዋሸሁ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ ራሴን።

በመጪው በዓል ስትመጣ እነግራታለሁ። የሰጠኋትን መልሼ እንደምወስድባት አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ደጄን ባትረግጥ ይገባኛል። ይቅር በይኝ አልላትም፤ እርስዎንም አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። የመኪናው ሞተር ተነስቶ፣ እሱ አጎንብሶ፣ መልሴን ይጠብቃል። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ መኪና ሥር ቆሜያለሁ።

አየሁት ተሾመ። ጆሮዋን አየሁት። ያንተ ናት።